ኢንችና ሚሊሜትር በአንድ ሃንጋር

ስለ አየር ኃይል ሲወራ ስሙ የሚነሣው የአብራሪው ነው። ይገባዋልም፤ ነፍሱን አስይዞ የሚወጣው እሱ ነው። እኔ የማወራው ግን ምድር ስለቀረነው፣ ቅባት በጠጣ ቱታ የአውሮፕላን ሆድ ስንከፍትና ስንዘጋ ስለኖርነው ነው። ከዚያም ውስጥ ከ1969 እስከ 1972 ዓ.ም. ስላለችው አጭር ዘመን፤ ደብረ ዘይት፣ ሐረር ሜዳ፣ የአሜሪካ ኤፍ-5 እና የሶቪየት ሚግ በአንድ ጣሪያ ሥር ስላደሩባት። መጻሕፍት ያቺን ዘመን በኦጋዴን ጦርነት ያነሧታል። እኛ ቴክኒሺያኖች የምናስታውሳት ግን ግድግዳ ስናፈርስ፣ ወለል ስንቆፍር፣ ሽቦ ስንጎትት ነው። ጦርነቱ እየነደደ ወርክሾፑን ለአዲስ ዕቃ እናድስ ነበር።

እንዲህ ያለ ሥራ ውስጥ እገባለሁ ብሎ የገመተ ሰው በአገሬ አልነበረም። የፎገራ ልጅ ነኝ። በልጅነቴ ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፍ መኪና ቆም ብሎ የሚሄድባት ትንሽ ከተማ ነበረች። ሜዳው የከብት አገር ነው፤ ክረምት ርብና ጉማራ ገንፍለው ሲተኙበት ከመንደር መንደር በታንኳ እንሻገራለን፤ ውኃው ሲሸሽ በእርጥቡ መሬት ላይ ጓያና ሽምብራ ይዘራል። ከሸሸርና ከወላላ ረግረግ ከሚነሣው የወፍ መንጋ በቀር በሰማያችን የሚታይ ነገር ብዙም አልነበረም።

አያቴ ግን አውሮፕላንን ያውቁ ነበር፤ ያወቁትም በክፉ ነው። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ በደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ ከሚመራው የሸዋ ጦር ጋር አንቺም ላይ ሲገጥሙ፣ አያቴ ወጣት ሆነው ከራስ ጉግሣ ሰዎች መካከል ነበሩ። አውሮፕላኑ መጀመሪያ ወረቀት በተነ፤ ከራስ ጉግሣ ጋር የቆመ ሁሉ የተወገዘ ነው የሚል። ቀጥሎ ቦምብ ጣለ። ራስ ጉግሣ በዚያው ቀን ወደቁ፤ ንግሥት ዘውዲቱም በሁለተኛው ቀን ዐረፉ። አገራችን የጦር አውሮፕላን ባስገባች ገና ዓመት ሳይሞላ ነበር ይህ የሆነው።

ደብረ ታቦር ስማር የአየር ኃይል ፈተና አልፌ ልሰናበት ስመጣ፣ አያቴ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ጠየቁኝ፤ «ይኼ ነገር በማን ላይ ነው የሚወርደው?»

«በጠላት ላይ ነዋ አባባ» አልኳቸው።

«ጠላቱ ማን እንደሆነ የሚነግርህ ማን ነው?»

መልስ አልነበረኝም። መርቀው ሸኙኝ።

ሐረር ሜዳ የደረስኩት በአሜሪካኖቹ ዘመን ነው። ቦታውን ያቋቋሙት ግን ስዊድኖች ናቸው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን መጥተው ማሠልጠኛውን ወደዚያ አዛወሩት፤ ሳፊርና ሳብ 17 የሚባሉትን አውሮፕላኖች ይዘው። ሰውየው በመጨረሻ ዘመናቸው ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው ለተራበ ሕዝብ ከአየር እህል ሲጥሉ ነበር፤ ሐምሌ 1969 ጎዴ ላይ በሶማሊያ ወታደሮች ጥቃት ተገደሉ። ከስዊድኖቹ በኋላ የአሜሪካ ዕቃ ተተካ፤ ቲ-28፣ ቲ-33፣ ኤፍ-86 ሴበር፣ በኋላም ኤፍ-5።

የክፍላችን አለቃ ሻምበል ባሻ ነበሩ። ሁላችንም «ባሻ» ነበር የምንላቸው። ልጅ ሳሉ ከስዊድኖች እጅ ካቻቪቴ ተቀብለው፣ ጎልማሳ ሆነው ከአሜሪካኖች ጋር ሠርተው፣ ፀጉራቸው ሲሸብት ሩሲያኖቹን የተቀበሉ ሰው ናቸው። አንድ ሃንጋር ሦስት ጊዜ ዕቃ ሲለውጥ አይተዋል። ከእሳቸው የተማርነው ከመጽሐፍ ከተማርነው ይበልጣል ብል አላጋነንኩም።

አሜሪካኖቹ ያስለመዱን ሥርዓት ጥብቅ ነበር። ለእያንዳንዱ ሥራ ቴክኒካል ኦርደር የሚባል መጽሐፍ አለ፤ በቃልህ ብታውቀውም ገጹን ገልጠህ አጠገብህ ታስቀምጣለህ። ብሎን በስንት ኃይል እንደሚጠብቅ ተጽፏል። የሠራ ይፈርማል፤ ያየ ይፈርማል። ፊርማህ ያለበት አውሮፕላን ሲነሣ ደረትህ ይመታል፤ ሲያርፍ ትተነፍሳለህ።

ሚያዝያ 1969 ላይ ደርግ የአሜሪካን የወታደራዊ አማካሪ ቡድን ከአገር እንዲወጣ አዘዘ። መለዋወጫው ቆመ። በሐምሌ የዚያድ ባሬ ጦር ወሰን ተሻግሮ ገባ። የዚያን ሰሞን እንቅልፍ አናውቅም። በእጃችን የነበሩት ኤፍ-5ዎች ቁጥራቸው ትንሽ ነው፤ በወዲያ በኩል ያሉት ሚግ-21 እና ሚግ-17 ናቸው። ልጆቻችን ግን የሶማሊያን ሚጎች አየር ላይ እየገጠሙ ጣሉ፤ ሰማዩን ያዙ። እኛም አንዷን አውሮፕላን አርደን ሌላዋን እያበላን መስመር ላይ አቆየናቸው። ከቆመችው ፓምፕ ይነቀላል፤ ከሌላዋ ቫልቭ ይወሰዳል፤ ባሻ ሁሉንም በአንዲት ጥቁር ደብተር ይጽፋሉ፤ ከየትኛዋ ወጥቶ ለየትኛዋ እንደገባ። በዚያ ሁሉ ጥድፊያ ያለ ጽሑፍ የተነቀለ አንድም ዕቃ አላየሁም።

ኅዳር 1970 ላይ የሶቪየት አንቶኖቮች መጉረፍ ጀመሩ። ሚጎቹ ተፈታትተው፣ ክንፋቸው ለብቻ፣ አካላቸው ለብቻ ሆኖ መጡ። ሳጥኖቹ የጥድ ጣውላ ናቸው፤ ሲከፈቱ ሙጫና የግሪስ ሽታ ሃንጋሩን ይሞላዋል። እያንዳንዱ ዕቃ በወፍራም ግሪስ ተለቅልቆ በሰም ወረቀት ተጠቅልሏል፤ ያንን ግሪስ በነዳጅ ስናጥብ የጣታችን ቆዳ ተላጠ። ጣውላውን ማንም አልጣለውም። የዕቃ መደርደሪያ ሆነ፤ የሠራተኛ አልጋ ሆነ፤ የብዙ ሰው ቤት ቁም ሣጥን ሆነ።

ችግሩ ወርክሾፑ ለእነዚህ እንግዶች ያልተሠራ መሆኑ ነው። ለማያውቅ ሰው አውሮፕላን አውሮፕላን ነው። ለጠጋኝ ግን ልዩነቱ ከመነሻው ይጀምራል። ኤፍ-5 ሞተሯ የሚነሣው ከጎኗ ከቆመ ማሽን በሚነፋ አየር ነው፤ ሚግ-21 ኤሌክትሪክ ትፈልጋለች፤ ለዚሁ ጄኔሬተር የተሸከመ መኪና አብሯት መጥቷል። የኤፍ-5 ፍሬን በዘይት ግፊት ይሠራል፤ የሚግ-21 ግን በታመቀ አየር ነው፤ ስለዚህ ጠርሙሶቿን የሚሞላ ኮምፕሬሰርና የአየር መስመር ያስፈልጋል። የአሜሪካው ከፍታ በጫማ ይነበባል፤ የሶቪየቱ በሜትር። የአንዱ ፍጥነት በኖት፣ የሌላው በኪሎ ሜትር ነው። ግፊቱም እንደዚሁ። ሚግ-23ማ ክንፏን ዘርግታ ወደ አሥራ አራት ሜትር ትደርሳለች፤ ስታጥፈው ከስምንት ሜትር ያንሳል። ክንፏን ለመፈተሽ ሁለት አውሮፕላን የሚያስቆም ቦታ መልቀቅ ግድ ነው።

ያሉትን ኤፍ-5ዎች አውጥተን እንዳንጥል ደግሞ እየተዋጉ ናቸው። እናም ሃንጋሩ ለሁለት ተከፈለ። በመካከሉ ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር ተቀባ፤ ወዲህ ኢንች፣ ወዲያ ሚሊሜትር። የኢንቹ የመፍቻ ሣጥን ቀይ፣ የሚሊሜትሩ ሰማያዊ ሆነ። ቀዩን ሣጥን ይዞ ቢጫውን መስመር መሻገር ክልክል ነው። ባሻ ምክንያቱን ሲያስረዱን እንዲህ አሉ፤ «ብሎን ዜግነት የለውም፤ ጥርስ ግን አለው።» የኢንች ዳዶ በሚሊሜትር ብሎን ላይ ሁለት ዙር ይሄድልሃል፤ ሦስተኛው ላይ ይይዛል። የሚቸኩል ሰው ጠበቀልኝ ብሎ ይተወዋል። አየር ላይ ይላቀቃል።

ከሁሉ የከበደው የወለሉ ሥራ ነበር። ያረጀው ሲሚንቶ ለዓመታት ዘይት ጠጥቷል፤ አዲስ ቢደፋበት አይዝም። እየቆፈርን አወጣነው። ቀን አውሮፕላን እንጠግናለን፤ ማታ አካፋ እንይዛለን። የግንባታ ክፍሉ ሰዎች ሲሚንቶ ሲያቦኩ እኛ አሸዋ እናቀብላለን። አቧራው ሞተር ውስጥ እንዳይገባ በየአፉ ሸራ አሰርን፤ ጠዋት ጠዋት ሸራውን ስንፈታ በላዩ የተጋገረውን ብናኝ አይተን እንደነግጥ ነበር።

ቀጥሎ የባትሪው ክፍል ነው። ለአሮጌዎቹ አውሮፕላኖችና ለመኪኖቹ የምንሞላው የአሲድ ባትሪ ነው። ሚጎቹ ይዘው የመጡት የብርና የዚንክ ባትሪ ነው፤ ውስጡ አልካላይ። የሁለቱ ተን በአንድ ክፍል ከተገናኘ አልካላዩ ይበላሻል፤ ባትሪው ይሞታል። ስለዚህ ግድግዳ ተገነባ፤ በር ለብቻ፣ ማስተንፈሻ ለብቻ፣ የሚሠሩበት ልብስና ማጥለያ ሳይቀር ለብቻ ሆነ። ውስጡ እውነተኛ ብር ስላለው ያገለገለው ባትሪም ተቆጥሮ ይቆለፍበታል። የኦክስጅኑ ቤት ከሁሉም ርቆ ተሠራ። እዚያ የሚገባ ሰው እጁን በሳሙና ታጥቦ፣ ቱታውን ቀይሮ ነው፤ ኦክስጅንና ቅባት ከተነካኩ ይነዳሉ። ግሪስ ያልነካው ሰው ከእኛ መካከል መፈለግ ደግሞ ቀልድ ነበር።

አማካሪዎቹ ሩሲያኛ እንጂ ሌላ አያውቁም። በሩሲያ ተምረው የመጡ የአገር ልጆች ያስተረጉማሉ፤ እነሱ ሲጠፉ በእጅ ነው። መጽሐፋችን እንግሊዝኛ፣ የአዲሱ ዕቃ ጽሑፍ ሩሲያኛ፣ ሞርሳው፣ ቶርኖውና ፒንሳው ከጣሊያን የቀረ ስም፣ ስድባችን አማርኛ ነበር። በጊዜው ሁለቱ ወገኖች አይዋደዱም። ከእኛ መካከል የሚግን ሥራ ሻካራ ነው የሚሉ ነበሩ፤ ከእነሱ መካከልም የአሜሪካን ትምህርታችሁን እርሱት የሚሉ አልጠፉም። በውጭ ደግሞ አብዮቱ ነው፤ ያለ ቦታው ቃል የተናገረ አይመለስም። ሰው ስለ ዕቃ እንኳ ሲናገር ዙሪያውን አይቶ ነው።

ይህን መራራቅ የሰበረው አንድ ምሽት ነው። ሚግ-21 ሞተሯ እንዲወጣ ከተፈለገ አካሏ ከመካከሉ ይፈታና ጭራዋ በጋሪ ወደ ኋላ ይሳባል። ሥራውን ጨርሰን፣ ጭራዋን መልሰን ገጥመን፣ መፍቻ ስንቆጥር ከሰማያዊው ሣጥን አንዲት ትንሽ ካቻቪቴ ጎደለች። ነገ ማለዳ የምትሄድ አውሮፕላን ናት፤ ጥሪው ከላይ ነው። አንድ መኮንን «መሬት ወድቃ ይሆናል፤ ትሂድ» አለ። ባሻ ዝም ብለው መሰላሉን አነሡ። በዚያው ቅጽበት የሶቪየቱ አማካሪ፣ በዕድሜ የገፋ ዝምተኛ ሰው፣ ወደ አውሮፕላኗ አፍንጫ ሄዶ እጁን በመስቀል አጣምሮ ቆመ። አስተርጓሚ አላስፈለገም። ሁለቱም የተናገሩት አንድ ነገር ነው፤ አትሄድም።

ጭራዋ እንደገና ተፈታ። በባትሪ ብርሃን እያንዳንዱን ስንጥቅ አየን። ሊነጋጋ ሲል ካቻቪቴዋ ከአንዱ ልጅ ተጠቅልሎ ከታጠፈ የቱታ እጅጌ ውስጥ ተገኘች። አማካሪው ከት ብሎ ሳቀ፤ ባሻ አልሳቁም፤ ልጁን «እጅጌህን ዘርጋ፤ ሁለተኛ እንዳትጠቀልል» ብለው ለቀቁት። ከዚያ ሌሊት በኋላ የቱታ እጅጌ መጠቅለል በሃንጋሩ ቀረ፤ አማካሪውም ሻይ ሲጠጣ ባሻን ይጠራ ጀመር።

ያን ጊዜ የገባኝ ነገር እስካሁን አብሮኝ አለ። አዲስ ዕቃ በባዶ መሬት አያርፍም። ሚጎቹን በፍጥነት ለመያዝ የቻልነው ኤፍ-5 ላይ የቆጠርነው፣ የፈረምነው፣ የተጠራጠርነው ነገር ስለነበረን ነው። ኤፍ-5ንም የያዝናት ባሻ ከስዊድኖቹ የተማሩትን ስላልረሱ ነው። ባሻ ከአሜሪካኖቹ ሰሌዳ ላይ ያወረዱት ጽሑፍ አልነበረም፤ ከጎኑ አዲስ ሰቀሉ። በትልቅ ካርቶን ላይ በእጃቸው የጻፉት ሠንጠረዥ ነበር፤ ኢንች በሚሊሜትር፣ የአሜሪካ ግፊት በሶቪየት ግፊት፣ ጋሎን በሊትር። በስተግርጌው በቀይ እስክሪብቶ አንድ ማስጠንቀቂያ ነበረበት። የሁለቱም አገር የሃይድሮሊክ ዘይት መልኩ ቀይ ነው፤ ባሻ «ቀይ ስለሆነ አንድ ነው አትበሉ» ብለው ጽፈውበታል። ያቺ ካርቶን ጠርዟ እስኪበላ ድረስ ተነበበች።

የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራ ተያዘ፤ ጅጅጋ ነጻ ወጣች። ሃንጋሩ ውስጥ እልልታው ሲቀልጥ ሲሚንቶው ገና ያልደረቀበት ጥግ ነበር።

ፈቃድ አግኝቼ ወረታ በሄድኩ ጊዜ አገሬም የራሷን እድሳት ስታደርግ አገኘኋት። ቻይኖች ከወረታ በደብረ ታቦር አድርጎ ወልድያ የሚገባውን መንገድ ይሠሩ ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሞ ሰሜን ኮሪያውያን ባለሙያዎች የሩዝ ዘር ይዘው ፎገራ ገቡ። ገበሬው መጀመሪያ አልወደደውም። ለውኃ የተተወ መሬት የከብት ነው፤ ባሕር ማዶ የበቀለ እህል ምን ያደርግለታል? ነገር ግን ውኃ የሚተኛበትን መሬት ከገበሬው በላይ የሚያውቅ አልነበረም። የት እንደሚቆይ፣ መቼ እንደሚሸሽ፣ የትኛው ቦይ እንደሚሞላ ያውቃል። ሩዙን በዚያ እውቀቱ ላይ ተከለው፤ ሩዙ ሊታጨድ ሲል በእርጥበቱ ጓያውን በተነበት። ዛሬ ሰው ሁሉ ኤክስ-ጅግና የሚለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያው ከፎገራ ሜዳ ካለች ቀበሌ ነው። የሩዝ ዱቄት ከጤፍ ተቀላቅሎ እንጀራ ሆነ፤ ገለባውም ለፎገራ ላም ቀረበ። ባሻ ይህን ቢያዩ ካርቶናቸው ላይ ያሰፍሩት ነበር እላለሁ።

የሃንጋሩን ትዝታ በደስታው ብቻ ብተወው ግን አያቴን ክጃለሁ ማለት ነው። ከካራማራ በኋላ ሚጎቹ የተሰማሩት ወደ ሰሜን ነው። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. በገበያ ቀን ሐውዜን ላይ ቦምብ ጣሉ፤ ብዙ ሰላማዊ ሕዝብ አለቀ። እኛ ብሎኑን አጥብቀናል፤ ፈርመናል፤ መሰላሉን አንሥተናል። ወዴት እንደምትሄድ የሚጠየቅ ቴክኒሺያን አልነበረም። አያቴ አንቺም ላይ ቀና ብለው ያዩትን ያን ቀን የሐውዜን ገበሬ ቀና ብሎ አየው። ጠላቱን የሚነግርህ ማን ነው ያሉኝን ጥያቄ ሳልመልስላቸው ዐረፉ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ቁልቁል ነው። ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥቱ ከሸፈ፤ የአየር ኃይሉ አዛዥ ሜጀር ጄኔራል ዐምሃ ደስታን ጨምሮ ስንት የተማረ ሰው አለቀ። በግንቦት 1983 ደርግ ሲወድቅ አንዳንዱ አውሮፕላን ወደ ጅቡቲ ኮበለለ፤ እኛ ወደ ካምፕ፣ ከካምፕም ወደየቤታችን ተበተንን። በሶቪየቶች እገዛ ደብረ ዘይት ላይ የተተከለው ትልቁ የጥገና ማዕከል፣ ደጀን አቪዬሽን፣ ሕንፃው ቀረ፤ ዕቃውም በአብዛኛው ቀረ። የሄደው ሰው ነው። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ከተበተነው ሠራዊት ብዙዎቹ ተፈልገው ተጠሩ፤ ግማሹ በሕይወት አልነበረም፤ ግማሹ ባሕር ማዶ ታክሲ ይነዳ ነበር።

እኔ ወረታ ተመለስኩ። ከተማዋ የሩዝ መፈልፈያ ከተማ ሆና ጠበቀችኝ። ማሽኖቹ ከውጭ የመጡ ናቸው፤ የሚተክሏቸው ነጋዴዎች ናቸው፤ ሲቆሙ የሚያስነሣ ግን ጥቂት ነው። አንድ ቀን አንድ ባለ ወፍጮ «ጋሼ፣ ይችን እስቲ እዩልኝ፤ ሩዙን እየሰበረች ገበያ አጣሁ» ብሎ ወሰደኝ። ቺንጋው ላልቷል፤ ኩሽኔታው ይጮሃል፤ በሁለቱ የጎማ ሮለሮች መካከል ያለው ክፍተት በአንድ ጫፍ ሰፍቶ በሌላው ጠብቧል። ቀጫጭን የብረት መለኪያዬን አውጥቼ ግራና ቀኙን እኩል አደረግሁት። ሩዙ ሙሉውን ይወጣ ጀመር። ባለ ወፍጮው መለኪያዋን ትኩር ብሎ አይቶ ከየት እንደመጣች ጠየቀኝ። በላይዋ ያለው ጽሑፍ ሩሲያኛ ነው።

የፎገራ ወጣት መካኒኮች ከእኔ የሚማሩት ይህንኑ ነው። ከመፍታትህ በፊት ጻፍ። የፈታኸውን በቅደም ተከተል ደርድር። ከመዝጋትህ በፊት መፍቻህን ቁጠር። ይስቁብኛል፤ የውኃ ፓምፕ እንጂ ጄት አይደለም ይሉኛል። ቢሆንም ይቆጥራሉ።

በ2016 ዓ.ም. አየር ኃይሉ ሱ-30 ተዋጊዎችንና አኪንቺ የተባሉትን ድሮኖች በቴሌቪዥን ሲያሳይ፣ ዓይኔ የሄደው ከአውሮፕላኖቹ ኋላ ወዳለው ሃንጋር ነው። ወለሉ ታድሷል፤ ቀለሙ ያብረቀርቃል። የዛሬዎቹ ልጆች ደግሞ የራሳቸው ቢጫ መስመር ይኖራቸዋል። የእኔ ምክር አንድ ነው። አዲስ ዕቃ ሲገባ አሮጌው ዕቃ ይሸጥ፤ ይቀለጥ፤ ሙዚየም ይግባ። ያንን ዕቃ የሚያውቀው ሰው ግን ደብተሩን ይዞ ቁጭ ብሎ ሳይጠየቅ በሩ አይዘጋበት። የት እንደሚውል፣ ማን ላይ እንደሚወርድም አብሮ ይጠየቅ፤ ለዚህ ጥያቄ ከጠጋኙ የቀረበ ሰው የለም። ጡረታ ወጥቶ ከሆነ ቤቱ ድረስ ይኬድ። ወረታም ቢሆን እንኳ መንገዱ አስፋልት ነው።